ናፖሊዮን ከሞስኮ ሲያፈገፍግ ሠራዊቱን የፈጀው ብርዱ ብቻ ነበርን?

ጠያቂ፦ የአዳማ ሙቀት ለለመድን ሰዎች እንዲህ ያለውን ቅዝቃዜ መገመት ያስቸግረናል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1812 የሆነውን ሁሉ በብርድ ማሳበብ ይገባልን?

መላሽ፦ አይገባም። ሠራዊቱ ገና በሞቃቱ ወራት ወደ ሞስኮ ሲገሰግስ በታይፈስ፣ በረሃብና በኩብለላ ሳስቶ ነበር፤ ሲመለስም አስቀድሞ በተራቆተው መንገድ ለመጓዝ ተገደደ። የፈረሶቹ ኮቴ ብረት ለበረዶ የሚሆን ጥርስ ስላልነበረው እየተንሸራተቱ ሲወድቁ፣ ወታደሩ ሥጋቸውን እየበላ መድፉን እዚያው ጥሎ ይሄድ ነበር።

ሌላ መላሽ፦ ሠራዊቱ ሲመለስ የተሻገረው የቤሬዚና ወንዝ ነገርም አይዘለል። ረግቶ የነበረው ወንዝ ብርዱ ጋብ በማለቱ ቀልጦ ስለጠበቃቸው፣ የጄኔራል ኤብሌ ድልድይ ሠሪዎች የበረዶ ስባሪ በሚንሳፈፍበት ውኃ ውስጥ ቆመው ሁለት ድልድይ ሠሩ፤ አብዛኞቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ጠያቂ፦ እዚያስ የጎዳቸው ሙቀቱ ነው ማለት ነዋ!