ጨብጥ ታክሞ ለምን ይመለሳል?

የጤና ኤክስቴንሽን፣ እነዋሪ
ጤና ይስጥልኝ። እኛ ጋ ወንዶች ሽንት ሲያቃጥላቸውና ከብልታቸው መግል ሲወጣ ከመድኃኒት ቤት ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝተው ይውጣሉ። ፈሳሹ ጋብ ይልና ይመለሳል። «ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው» የሚሉም አሉ። ሚስቶቻቸው «እኔን ምን አሞኝ?» ብለው ጤና ጣቢያ አይሄዱም። እንዴት ላስረዳቸው?

ፋርማሲስት፣ ደብረ ብርሃን
እህቴ፣ ጨብጥ ከድንጋይ አይመጣም። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው፤ ወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይታያል። ሲፕሮን ጀርሙ ስለተላመደው ዛሬ አይታመንበትም። የሚሰጠው የሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው፣ አንድ ጊዜ። ክላሚዲያ የሚባል ሌላ የአባላዘር በሽታ አብሮ ስለሚገኝ 1 ግራም አዚትሮማይሲን፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙን 2 ፍሬ፣ እዚያው ባለሙያው ፊት ይዋጣል። ቤት ወስዶ ከሚስት ጋር መካፈል ሁለቱንም ሳያድን ይቀራል።

ዋናው ግን ሚስትየዋ ናት። እሷ ካልታከመች መልሳ ታስይዘዋለች። ባለፉት 60 ቀናት ግንኙነት ያደረጉ ሁሉ ይታከሙ፤ ከዚያ 7 ቀን ሙሉ ግንኙነት የለም። በዚያው ቀን የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራም ይደረግላቸው። ከ7 ቀን በኋላ ፈሳሹ ካለ ሌላ እንክብል መግዛት ሳይሆን ተመልሶ መታየት ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት
ብዙ ሴቶች ላይ ምልክት የለውም፤ ከባዱ ነገር ይኼ ነው። ዝም ብሎ ወደ ማህፀን ቱቦ ወጥቶ ጠባሳ ይተዋል፤ መካንነትና ከማህፀን ውጭ እርግዝና ከዚያ ይመጣል። እርጉዝ ከሆነች በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ዓይን ይገባል። ለዚህ ነው እንደተወለደ 1 በመቶ የቴትራሳይክሊን ቅባት የምንቀባው። ቤት የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆቡ አብጦ መግል ካቀረረ፣ የእናት ጡት ወተት እያንጠባጠቡ አይጠበቅም፤ ብሌኑ ሊበሳ ስለሚችል የዚያኑ ቀን ይምጣ።

ቤት ስትገቢ ደግሞ «ማን አመጣው?» የሚለውን አታንሺው። ጀርሙ ምልክት ሳያሳይ ለወራት ስለሚቆይ ቀድሞ የታመመው ቀድሞ የተያዘው ነው ማለት አይቻልም። ይህን ለባልየው ቀድመሽ ንገሪው፤ ጠብ ከተነሳ ሁለቱም ይቀራሉ።

የጤና ኤክስቴንሽን፣ እነዋሪ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮንዶም እየተጠቀምን ያዘን የሚሉስ?

ፋርማሲስት፣ ደብረ ብርሃን
በቅቤ ወይም በቫዝሊን እያለሰለሱት እንደሆነ ጠይቂ። ቅባት ላስቲኩን ያሳሳውና ይቀደዳል፤ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ብቻ ነው የሚሆነው። ኪስ ውስጥ ሲሞቅ የከረመም እንዲሁ ነው። ጫፉን ቆንጥጠው አየሩን ያስወጡ፣ ከመጀመሪያው ያጥልቁት፣ ሲወጡም ብልቱ ሳይላላ ሥሩን ይዘው።