ኦፔራ ደብረ ብርሃን ላይ ይለመዳል ወይ? የአየርላንድ ቲያትር የምታውቁ እርዱኝ

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ነው የምመራው። ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ በተከታታይ ቅዳሜዎች ሦስት አዳዲስ አጫጭር ቲያትሮችና አንድ በዜማ የሚሄድ ድራማ ልናሳይ አስበናል። ሐሳቡ የመጣልኝ ስለ ደብሊኑ አቢ ቲያትር ሳነብ ነው። ገጣሚው ዬትስና ሌዲ ግሪጎሪ የአገራቸው ታሪክ የሚታይበት መድረክ ይኑር ብለው በፈረንጆቹ 1904 ከፈቱት። በ1927 ደግሞ ፒኮክ የሚባል ትንሽ አዳራሽ ተጨመረበት፤ አዲስና ገና ያልተፈተነ ሥራ እዚያ ይሞከራል። እኛ ያለን አንድ መማሪያ ክፍል ነው፣ ዴስኩን ጥግ አስይዘን። ያው ፒኮክ በሉት።

ችግሬ የዜማው ድራማ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለወላጆች ሞከርነው። እናት ልጇን «ጨው አቀብለኝ» ብላ በዜማ ስትጠይቅ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተዋናይዋ የ11ኛ ክፍል ልጅ ናት፤ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሮጣ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ማን ይስማ! አሁን የክበቡ ግማሽ «ኦፔራው ይቅርብን» እያለ ነው። እዚያ አገር ያያችሁ ካላችሁ፣ ሰው ሳይስቅ እንዴት ይሰማዋል?

የመንዟ (ደብሊን)፦
መምህር፣ አይዞዎት። እኔ መሐል ሜዳ ነው ያደግኩት፤ እዚህ ዘጠኝ ዓመቴ። ዌክስፎርድ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ በየዓመቱ በጥቅምት ገደማ የኦፔራ ፌስቲቫል አለ። በፈረንጆቹ 1951 ቶም ዋልሽ የሚባል ሐኪም ከወዳጆቹ ጋር የጀመረው ነው። የሚገርመው፣ ሁሉ የሚያውቀውን ትተው የተረሳ ኦፔራ ፈልገው ነው የሚያሳዩት። አንድ ጊዜ ትኬት ተርፎ ሄጃለሁ። ዘፈኑ ጣልያንኛ ነበር፤ ትርጉሙ ከመድረኩ በላይ በጽሑፍ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ እኔም ሳቄን በስካርፌ ነው ያፈንኩት። ኋላ ግን ሴትዮዋ ብቻዋን ቀርታ ስትዘፍን፣ አክስቴ ለቅሶ ቤት ሙሾ ስታወርድ ትዝ አለችኝ። ጽሑፉን ማንበብ ተውኩ። ጨውስ ባይዘፈን እላለሁ።

ጣርማበር፦
ወንድሜ፣ መሳቃቸው ምን ያስደነግጥሃል? አቢ ውስጥ በፈረንጆቹ 1907 ሲንጅ የሚባል ደራሲ የጻፈውን ቲያትር ሕዝቡ በጩኸት ነው የበጠበጠው፤ ፖሊስ ሁሉ ገብቷል። እነሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ማሳየታቸውን አላቆሙም። መንግሥትም በ1925 850 ፓውንድ መደበላቸው። የእኛው የሰያደብር ልጅ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በዘውዲቱ ዘመን በእንስሳት ተረት ሹማምንቱን ነካ ቢያደርጉ፣ ቲያትሩ ጭራሽ ተከለከለ። ያንተ ታዳሚ ስቆ ቤቱ ገባ። ተመስገን በል!

ደግሞ የእኛ ሰው ለዜማ መቼ ባዳ ሆነ? ቀረርቶው፣ ሙሾው የማን ነው? ግን የሚያዜመው ንግግር ሲያጥረው ነው። ለጨው ንግግር ይበቃል።

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አፍርሼ ጻፍኩት። ጨዉ በንግግር ሆነ። ዜማው የሚጀምረው ጎረቤት የልጁን ባና ብቻ ይዞ ሲመጣ ነው። እናት ትቀበለዋለች፣ ታሸተዋለች፣ አጥፋ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች። ድምጿ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷም ዛሬ ልምምድ መጣች። ስንኙን ሁለቴ ሳተችው፤ ግን ማንም አልሳቀም።

የቀረን ባናው ነው። በፋብሪካ ብርድ ልብስ ሞከርነው፣ ቀለሙ አበባ በአበባ ሆኖ አላምር አለ። ያረጀ ባና የሚያውሰን ይኖራል?

የመንዟ (ደብሊን)፦
እናቴ ጋ አለ። ዛሬ እደውልላታለሁ። ግን መምህር፣ መድረክ ላይ እንዳይጎተትባት፤ የአባቴ ነው።