እሳት አደጋ መኪና በሌለበት ከተማ እሳት ሲነሳ ምን ይደረጋል?

የገበያው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኛ ከተማ ትንሽ ናት፣ ከዋናው አስፋልት 12 ኪሎ ሜትር ገባ ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ጨርቃ ጨርቅ ተራ እሳት ተነስቶ ሰባት ሱቅ ወደመ፣ አንዱ አክስቴ 20 ዓመት የለፋችበት ነው። ሰው ሁሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ወጥቷል እኮ፣ ግን ሽቦው እየተንጣጣ ማን ይጠጋል? መብራት የሚያጠፋ ሰው ፍለጋ ብቻ 40 ደቂቃ ሄደ፣ 939 ደውለን እምቢ አለን፣ መኪና ያለበት ከተማ ስልክ ደግሞ ማንም ጋ የለም፣ በዘመድ ዘመድ ተገኝቶ ሲደርስ የቀረው አመድ ነው። ሰው አልሞተም ተመስገን፣ ሁለት ልጆች ግን እጃቸው ተቃጥሏል። መኪናው እስኪገዛልን እኛ ምን እናድርግ? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ጡረተኛው፦
አይዞህ ልጄ፣ አክስትህንም እግዚአብሔር ያጽናት። አዲስ አበባ እሳት አደጋ ነው የሰራሁት። 939 የአዲስ አበባ ቁጥር ነው፣ እናንተ የቅርቡን ከተማ ቀጥታ ስልክ አሁኑኑ ፈልጋችሁ ለየሱቁ ጥበቃ ስጡ። መብራት ሃይል 905 አለ፣ ግን ሌሊት የሚያድናችሁ እዛው ያለው ተረኛ ጥገና ሰራተኛ ነው፣ የሱን ስልክ ያዙ፣ ሽቦው ሳይጠፋ ውሃ የሚረጭ ሰው እንዳይኖር። ውሃውን በተመለከተ፣ ለግንባታ የሚያመላልስ ቦቴ ካለ ባለቤቱን ለምኑትና ማታ ማታ ሞልቶ ይደር፣ ገበሬው ለመስኖ የሚጠቀምባት የውሃ ሞተር ከነቱቦዋ ብትጨመር ብዙ ስራ ትሰራለች። ቤንዚን በሃይላንድ የሚሸጥ ሰው ጨርቅ ተራ አጠገብ ካለ በሽማግሌም ቢሆን አስነሱት። ቤንዚን ከተያያዘ ውሃ እንዳትደፉበት፣ ይበትነዋል፣ አሸዋ ነው። መንገዱንም ክፈቱ፣ ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል አዲስ አበባ መኪና ጠፍቶ አይደለም፣ መግቢያው ጠቦ ነው ያስቸገረው።

ብሩክ፦
ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ የመንግስት ስራ ነው፣ ግብር እየከፈልን ቱቦም እኛ እንግዛ? ራሳችን ካደረግነው መኪናውን ጭራሽ ይረሱታል።

ሲስተር፦
ብሩክ ልክ ነህ፣ ጥያቄው መቆም የለበትም፣ ግን እሳቱ በጀት እስኪፀድቅ አይጠብቅም። እኔ ጤና ጣቢያ ነኝ፣ ስለ ቃጠሎ ልናገር፣ ልጆቹን እባካችሁ ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ምናምን እንዳትቀቧቸው፣ እኛ ጋ ሲመጡ እሱን ስናነሳ ነው የሚሰቃዩት። ወዲያው ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ማፍሰስ፣ በረዶ ግን አይሆንም፣ ቀለበት ማውለቅ፣ ውሃ የቋጠረውን አለማፈንዳት፣ በንጹህ ጨርቅ ላላ አድርጎ ሸፍኖ ማምጣት። የወረዳው አምቡላንስ ምጥ የያዛት እናት ይዞ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ሌሊት የሚነሳ አንድ ባለ ባጃጅ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ካላችሁ 907 ነው።

ከሚኒሶታ፦
እኔ የምኖርባት ከተማ ከናንተ ብዙም አትበልጥም፣ እሳት አደጋዎቹ በሙሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ መካኒክ አለ አስተማሪ አለ፣ ጥሪው ሲመጣ ስራቸውን ጥለው ይሮጣሉ፣ በወር የተወሰነ ቀን ተሰብስበው ይለማመዳሉ። አሜሪካ አብዛኛው እሳት አደጋ ሰራተኛ እንደዚህ ነው። እኛኮ እድር አለን፣ ጡሩምባ ሲነፋ ሌሊትም ቢሆን የማይወጣ የለም። የጎደለው ማን ቱቦ እንደሚይዝ፣ ማን መብራት እንደሚያስጠፋ ቀድሞ መመደብ ነው። አሮጌ መኪና ከዚህ እንላክ የሚሉ አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን መለዋወጫና ፓምፑን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ቆሞ ይበሰብሳል።

የገበያው ልጅ፦
ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ አንዱን ልጅ እውነትም ኮልጌት ቀብተውት ነበር፣ አሁን ግን እየተሻለው ነው። እሁድ የእድር ስብሰባ አለ፣ የመብራቱን ሰውዬ ስልክና የውሃ ሞተሩን ነገር እዛው አነሳለሁ፣ ለመኪናው ደግሞ ነጋዴው ፈርሞ ደብዳቤ እንደገና እናስገባለን። ጋሼ ጡረተኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ዱቄት ያለው የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ለየሱቁ ብናስገዛ በየስንት ጊዜው ነው የሚታየው?

ጡረተኛው፦
ጌጁን በየወሩ እዩት፣ ቀስቱ አረንጓዴው ላይ መሆን አለበት፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ባለሙያ ይየው። ትንሽም ብትሆን አንዴ ከተነፋ መልሶ መሞላት አለበት። በር አጠገብ ስቀሉት፣ እቃ ከኋላ ደርድራችሁ እንዳትቀብሩት።