ፕሮግራሙ ሁሉንም ቀይ ያደርጋል፤ ሰው ግን ሥራ ፈቶ ይውላል

ጥያቄ፦ ቀሐ_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ባለ የዲዛይንና የግንባታ ቁጥጥር አማካሪ ቢሮ ውስጥ ፕላን የምይዘው እኔ ነኝ። ባለሙያዎቹ 11 ናቸው፦ 3 ድራፍትስማን (ስዕል አውጪ)፣ 2 ስትራክቸራል መሐንዲስ፣ 1 አርክቴክት፣ 2 ሰርቬየር (ቀያሽ)፣ 3 የሳይት ተቆጣጣሪ። በእጃችን 5 ፕሮጀክት አለ፣ ከአዘዞ እስከ ደባርቅ። እያንዳንዱ ለብቻው በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት (የሥራ ጊዜ ሰሌዳ ማውጫ ፕሮግራም) ፋይል ተይዟል።

የቸገረኝ ሦስት ነገር ነው። ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ቀይ ምልክት አለበት፤ በቀን ከአራት ሰዓት በላይ ሥራ የሌለው ሰርቬየር ሳይቀር። ሁለተኛ፣ ሌቭል ኦል (የተደራረበ ሥራን በጊዜ የሚያሸጋሽገው ትእዛዝ) የሚለውን ስጫን የአንዱ ፕሮጀክት ማጠናቀቂያ ከሚያዝያ ወደ ነሐሴ ዘለለ። ሦስተኛ፣ ሥራ አስኪያጁ በየወሩ «ማን ስንት ፐርሰንት ሠራ» ይላሉ፤ የማወጣው ቁጥርና በዓይን የሚታየው አይገናኙም። የሥራ ሰዓታችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ2:30 እስከ 6:30 እና ከ7:30 እስከ 11:30፣ ቅዳሜ እስከ 6:30 ነው። መብራትና ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ በኢንተርኔት የሚሠራ ሶፍትዌር አትምከሩኝ።

—

መልስ፦ ፕላነር_ማራኪ

ከቀዩ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ቀዩ «ይህ ሰው በዛበት» ማለት አይደለም። «በሆነች ደቂቃ ላይ ከተፈቀደለት ማክስ ዩኒትስ (ከፍተኛ የጊዜ ድርሻ፤ ሙሉ ጊዜ 100 ፐርሰንት ነው) በላይ ተመድቧል» ማለት ነው። ሰርቬየርህ ማክሰኞ ሁለት ሥራ አለው እንበል፣ እያንዳንዱ 2 ሰዓት። ሁለቱም ጠዋት 2:30 ላይ እንዲጀምሩ ከተያዙና በ100 ፐርሰንት ከተመደበ፣ ከ2:30 እስከ 4:30 ድረስ ፕሮግራሙ 200 ፐርሰንት ያነባል። የቀኑ ድምር ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ሰውዬው አንዱን ጨርሶ ሌላውን እንደሚይዝ ፕሮግራሙ አያውቅም።

ስለዚህ ቀዩን ተወውና ሪሶርስ ዩሴጅ የሚለውን ገጽ ክፈት። የጊዜ መስመሩን ወደ ሳምንት ቀይር፤ በቀኝ በኩል ባለው ሰንጠረዥ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገህ ፐርሰንት አሎኬሽን (የተመደበበት ፐርሰንት) እና ሪሜይኒንግ አቬይላቢሊቲ (የቀረው ነፃ ሰዓት) የሚሉትን ጨምር። በሳምንት ደረጃ ከ100 ያለፈው ነው እውነተኛ ጫና ያለበት። እኔ ብሆን በቀን ደረጃ የማየው የሳይት ቀጠሮ ያለባቸውን ብቻ ነው፤ አንድ ተቆጣጣሪ ረፋድ ላይ አዘዞም ደባርቅም ሊገኝ አይችልምና።

ሌላው ምክንያት በ100 ፐርሰንት መመደብ ነው። ቀመሩ ሥራ = ቆይታ × ዩኒት ነው፤ ዩኒት ሰውዬው ከጊዜው ለዚያ ሥራ የሚሰጠው ድርሻ ነው። «የስትራክቸር ስሌት ክለሳ፣ 10 ቀን» ብለህ መሐንዲሱን ስትመድብ ፕሮግራሙ 80 ሰዓት ሥራ ይይዝበታል። እውነቱ በ10 ቀን ውስጥ የሚሠራ የ24 ሰዓት ሥራ ከሆነ ዩኒቱ 30 ፐርሰንት ነው። ታስክ ታይፑን (የሥራውን ዓይነት) ፊክስድ ወርክ፣ ማለትም የሥራው ሰዓት የማይለወጥ፣ አድርግና መጀመሪያ ሰዓቱን አስገባ፤ ቆይታውን ዩኒቱ ይወስነው። «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብለህ የጠየቅኸው ሰው የሚነግርህ መጠበቂያውንም ጨምሮ ነው። «ሳትነሳ ብትሠራው ስንት ሰዓት?» ብለህ ጠይቀው።

—

መልስ፦ አዘዞ_44

ፕላነር ያለው ትክክል ነው፤ ግን 5 ፋይል ለየብቻ እስከተያዘ ድረስ ቁጥሩ ሁሉ ግማሽ እውነት ነው። የደባርቁ ፋይል የአዘዞውን አያይም። ሰዎቹን ብቻ የያዘ፣ አንድም ታስክ የሌለበት ፋይል ፍጠር። ከዚያ እሱንና አንዱን የፕሮጀክት ፋይል አብረህ ክፈት፤ በፕሮጀክቱ ፋይል ላይ ሆነህ ሪሶርስ፣ ሪሶርስ ፑል፣ ሼር ሪሶርስስ ብለህ ከሰዎቹ ፋይል ጋር አገናኘው። ግጭት ቢኖር ማን ይቅደም ሲልህ «ፑል (የሰዎቹ ፋይል) ይቅደም» በል። አምስቱንም እንዲሁ።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ስም ላይ። ፕሮግራሙ ሰውን የሚለየው በስሙ ፊደል ነው። በአንዱ ፋይል «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሃይ» ተብሎ ከተጻፈ ሁለት ሰው ነው፤ አንዷ 60፣ ሌላዋ 70 ፐርሰንት ሆነው ማንም ቀይ ሳይሆን ልጅቱ 130 ላይ ትሠራለች። ድራ-1፣ ድራ-2፣ ሰር-1 እያልክ ኮድ ስጥና ስሙን በማስታወሻ አምድ ያዝ። ሁለተኛ፣ ፋይሎቹን ካገናኘህ በኋላ ወደ ሌላ ፎልደር አታዛውር፣ ስማቸውንም አትቀይር፤ ማገናኛው ይጠፋል። መብራት የሚሄድበት ቢሮ ከሆነ ፑሉን የሚከፍተው ኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ይኑረው፤ በሚቀመጥበት መሐል ከጠፋ የሚጎዳው አንድ ፋይል አይደለም፤ በየቀኑ ማታ ስድስቱንም አንድ ላይ ወደ ፍላሽ ገልብጥ።

ስለ ሌቭል ኦል፦ ሌቭል ሥራ ከሰው ወደ ሰው አያዛውርም። የሚያውቀው ማዘግየትና መቆራረጥ ብቻ ነው። ሦስት ድራፍትስማን እያሉህ ሥራው ሁሉ በአንዱ ስም ከተያዘ፣ የአምስቱን ፕሮጀክት ስዕል በእሱ በር ላይ ያሰልፈዋል። ነሐሴ የመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ክሊር ሌቭሊንግ ብለህ መልሰው። ከዚያ ሥራውን በእጅህ አከፋፍል። የቀረውን ሌቭል ልታደርግ ከሆነ በሌቭሊንግ ኦፕሽንስ ውስጥ «ዴይ ባይ ዴይ» ያለውን «ዊክ ባይ ዊክ» አድርግ፣ ቅደም ተከተሉን «ፕራዮሪቲ፣ ስታንዳርድ» ላይ አድርግ፣ «ያለውን ስላክ (ማጠናቀቂያው ሳይዘገይ ሥራው ሊዘገይ የሚችልበት ትርፍ ጊዜ) ብቻ ተጠቀም» የሚለውን ምልክት አድርግ። ይኼኛው የማጠናቀቂያውን ቀን እንዳይነካ ይከለክለዋል፤ መፍታት ያቃተውን ይነግርሃል፤ አንተም የምትፈልገው ያንን ነው። ፕራዮሪቲ ከ0 እስከ 1000 ነው፣ ሳትነካው 500 ይሆናል፤ 1000 የሰጠኸውን ታስክ ሌቭል አይነካውም። የጨረታ ማስገቢያ ቀንና ከባለቤቱ ጋር የተፈረመ ርክክብ 1000 ይሁኑ።

—

መልስ፦ ባሕረ_ሐሳብ

ሁላችሁም የዘለላችሁት ካላንደሩን ነው። ፐርሰንት ክፍልፋይ ነው፤ ታችኛው ቁጥር ከተበላሸ ላይኛው ምንም ቢስተካከል ዋጋ የለውም። ሳትነካው የሚመጣው ካላንደር ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 8፣ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። የእናንተ 44 ነው።

ቼንጅ ወርኪንግ ታይም ገብታችሁ ስታስተካክሉ የእኛን 2:30 እንዳለ አትጻፉ፤ የሌሊት 2:30 ይሆናል። 8:30 እስከ 12:30፣ ከዚያ 1:30 እስከ 5:30 ከሰዓት ነው። በኦፕሽንስ ውስጥ ደግሞ ለብቻው የተቀመጠ ቅንብር አለ፦ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 40፣ ቀን በወር 20። ካላንደሩን መቀየር እነዚህን አይቀይርም። በሳምንት 44፣ በወር 24 ካላደረጋችሁ «1 ሳምንት» ብላችሁ የምታስገቡት ታስክ 40 ሰዓት ሆኖ ዓርብ ማታ ያልቃል።

አሁን በዓላት። የጥምቀትን ሳምንት በ2018 እንውሰድ። ጥር 11 ሰኞ ዋለ። በጎንደር ደግሞ ጥር 12 የሚካኤል ታቦት የሚገባበት ስለሆነ ማንም ቢሮ አይገኝም፤ ሕግ ባይዘጋው ከተማው ይዘጋዋል። ከ44 ሁለት ቀን፣ 16 ሰዓት ሲቀነስ 28 ይቀራል። በዚያ ሳምንት ለድራፍትስማኑ 36 ሰዓት ብትመድቡለት፣ ያልተነካው ካላንደር 36 ለ40 ብሎ 90 ፐርሰንት፣ ጤነኛ ነው ይላችኋል። እውነተኛው 36 ለ28፣ 129 ፐርሰንት ነው።

በዓላቱን «በየዓመቱ ይደገም» ብላችሁ ስታስገቡም ተጠንቀቁ። ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ነው፤ ጳጉሜ 6 የነበረችበትን ዓመት በሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በ2016 እንዲህ ነበር፣ በ2020ም ይሆናል። እንቁጣጣሽና መስቀልም በዚያ ዓመት አንድ ቀን ይገፋሉ። ገና ግን በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ጃንዋሪ 7 ላይ ይጸናል። ስቅለትና ፋሲካ በየዓመቱ በእጅ ነው የሚገቡት፣ የሙስሊም በዓላትም እንዲሁ፤ እነሱ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድሙ ግምቱን አስገብታችሁ ጨረቃ ስትታይ አርሙ።

የወር ሪፖርትን በተመለከተ፣ የኛ ወር በፈረንጁ ወር መሐል ይጀምራል፤ ስለዚህ በፕሮግራሙ የወር አምድ ላይ የጥርን ቁጥር አታገኙም። በሳምንት አውጡና ሳምንታቱን በኤክሴል ወደ ኢትዮጵያ ወር ሰብስቡ። ለታስኮቹ ደግሞ ቴክስት1 የሚለውን አምድ «ቀን በኢትዮጵያ» ብላችሁ ሰይሙት።

—

መልስ፦ ሰንጠረዥ_ይበቃል

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ለ11 ሰው ይህ ሁሉ ማሽነሪ ይበዛል። የጊዜ ሰሌዳው በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ይቆይ፣ የሰው ጫና ግን በኤክሴል ቢያዝ ይሻላል። አምዶቹ፦ የሰው ኮድ፣ ፕሮጀክት፣ ሳምንት፣ የታቀደ ሰዓት፣ የተሠራ ሰዓት፣ ዓይነት። አንድ ሰው በአማካይ ሁለት ፕሮጀክት ላይ ቢሆን በወር ወደ 88 መስመር ነው። በሌላ ገጽ ላይ ሰው በቁመት፣ ሳምንት በአግድም አድርጎ በሰምኢፍስ (በመስፈርት የሚደምር የኤክሴል ቀመር) መሰብሰብ፣ በዚያ ሳምንት ባለው ሰዓት ማካፈል፣ ከ85 በላይ ብጫ፣ ከ100 በላይ ቀይ። አለቀ።

«ዓይነት» ያልኩት አምድ ግን እንዳይቀር። አራት ነገር ይበቃዋል፦ ፕሮጀክት፣ የቢሮ ሥራ፣ ጥበቃ፣ ፈቃድ። ጥበቃ ማለት መብራት የጠፋበት፣ ከባለቤቱ መልስ የሚጠበቅበት፣ የሳይት መኪና ያልመጣበት ሰዓት ነው። ባሕረ_ሐሳብ ባነሳው የ28 ሰዓት ሳምንት ድራፍትስማኑ 19 ሰዓት ስዕል፣ መብራት ጠፍቶ 5 ሰዓት ጥበቃ፣ 4 ሰዓት የቢሮ ሥራ ቢያስመዘግብ የፕሮጀክቱ ድርሻ 68 ፐርሰንት ነው። ጥበቃው ባይኖር 86 ይደርስ ነበር። የጎደለውን ሰዓት የበላው የመብራት ኃይል ነው እንጂ ሰውዬው አይደለም፤ መፍትሔውም ጄኔሬተር እንጂ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይደለም።

ለሥራ አስኪያጁ 100 ፐርሰንት ዒላማ እንዳትገባላቸው። አንድ ሰው በዘፈቀደ የሚመጣ ሥራ ሲያስተናግድ፣ በቀላሉ የወረፋ ቀመር ሥራው ወረፋ የሚጠብቀው አማካይ ጊዜ በ80 ፐርሰንት ጫና የሥራውን ጊዜ 4 እጥፍ ነው፣ በ90 ደግሞ 9፣ በ95 ደግሞ 19 እጥፍ። ድራፍትስማንን ከ80 እስከ 85 ላይ አቁም። ለሳይት ተቆጣጣሪ መንገዱን ቁጠር፤ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልስ የቀኑን ግማሽ ይወስዳል። ሰርቬየር በክረምት ዝቅ ቢል ጥፋት አይደለም፤ በፕሮግራሙ ከያዝከው በሪሶርስ ኢንፎርሜሽን ውስጥ ባለው የአቬይላቢሊቲ ሰንጠረዥ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ማክስ ዩኒቱን ቀንስለት።

ትርፍ ሰዓትንም በእቅድ ላይ አትደርድሩ። በአዋጅ 1156/2011 መደበኛው ከቀን 8፣ ከሳምንት 48 ሰዓት አያልፍም፤ ትርፍ ሰዓት ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ሆኖ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ የቀኑም ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈልበታል። 130 ፐርሰንት ያለበት እቅድ ይህን ወጪም ይዞ ነው የሚመጣው።

—

ጠያቂው፦ ቀሐ_ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልን። ፊክስድ ወርክ አድርጌ ሰዓቶቹን ከባለሙያዎቹ ጋር እንደገና ስሞላ ቀይ የቀረው ሁለት ሰው ላይ ብቻ ሆነ፤ ሁለቱም በእርግጥ የበዛባቸው ናቸው። አንድ ላስቸግራችሁ፦ ቶታል ስቴሽናችን (የቅየሳ መሣሪያው) አንድ ነው፣ ሰርቬየሮቹ ሁለት። እሱን እንደ ማቴሪያል ሳስገባው ሁለቱንም ቡድን በአንድ ቀን ሳይት ላይ ያሰማራቸዋል።

—

መልስ፦ ፕላነር_ማራኪ

ማቴሪያል አይደለም። ማቴሪያል እንደ ሲሚንቶና ቀለም የሚያልቅ ነገር ነው፣ ካላንደርም የለውም፣ መደራረቡን ማንም አይቆጥርም። ዓይነቱን ወርክ አድርገው፣ ማክስ ዩኒቱ 100 ይሁን፤ ሁለተኛው ቡድን ሲጋጭ ያኔ ያሳይሃል። ካሊብሬሽን (የልኬት ፍተሻና ማስተካከያ) የሚሄድበትን ሳምንት በራሱ ካላንደር ዝጋ።

ግን አሁን ፊክስድ ወርክ ላይ ስለሆንክ ወጥመድ አለ። ለ16 ሰዓት የቅየሳ ታስክ ሰርቬየሩ ላይ መሣሪያውን ስትጨምር፣ ፕሮግራሙ ረዳት የመጣ መስሎት ሥራውን 8 በ8 ያካፍላቸዋል፤ ሁለት ቀኑ አንድ ይሆናል። ሰውና መሣሪያ አብረው ያሉበትን ታስክ ፊክስድ ዩኒትስ (ዩኒቱ የማይለወጥ) አድርገውና ኤፎርት ድሪቨን (ሰው ሲጨመር ያንኑ ሥራ የሚያካፍለው ቅንብር) የሚለውን ምልክት አንሳ። ያኔ ቆይታው ሁለት ቀን ይጸናል፣ ለሁለቱም 16 ሰዓት ይመዘገባል፣ የታስኩ ድምር ግን 32 ይሆናል። ስለዚህ በሪሶርስ ሺት ላይ ግሩፕ የሚለውን አምድ «ሰው» እና «መሣሪያ» ብለህ ሙላና ሪፖርቱን ከማውጣትህ በፊት «ሰው» ላይ አጣራ፤ አለበለዚያ ሥራ አስኪያጁ ስንት ሰዓት ተሠራ ሲሉ የቶታል ስቴሽኑንም ሰዓት ትነግራቸዋለህ።