አክሶሎትሌ ሆዷ ተነፍቷል፣ ምግብም እምቢ ብላለች

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አክሶሎትሌ (ውሃ ውስጥ የምትኖር የሳላማንደር ዝርያ ናት) ሰሞኑን ሆዷ ተነፍቶ መብላት ትታለች። በፊት የምድር ትል ገና ሲቀርብላት ላፍ ታደርግ ነበር፤ አሁን አፏ ውስጥ ታስገባና መልሳ ትተፋዋለች። ሆዷ ከጭንቅላቷ በልጦ ሰፍቷል። ጅራቷ ወደ ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ታች ለመውረድ ስትታገል ማየት አንጀት ይበላል። ላባ የሚመስለው መተንፈሻዋ ግን አሁንም ቀይ ነው፤ ቆዳዋም ቁስል የለውም።

የምትኖርበትን ገንዳ ውሃ ለካሁ፦ ከቆሻሻ የሚመጡት መርዛማዎቹ አሞኒያና ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 20 ሚሊግራም በሊትር፣ ሙቀቱ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ወለሉ ላይ ደቃቅ አሸዋ እንጂ ልትውጠው የምትችል ጠጠር የለም። ውሃዋን በከፊል እየቀየርኩ ምግብ ባቆምላትም እብጠቱ አልቀነሰም። ዓይነ ምድርም አላየሁም። በአቅራቢያዬ ያለው የእንስሳት ሐኪም ውሻና ድመት ብቻ ነው የሚያየው።

የሆድ ድርቀት ይሁን ሆዷ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ፣ ቤት ውስጥ በምን ልለየው?