የሲቲቢ ፋይሌ ከፕሎት ስታይል ዝርዝሩ ውስጥ ጠፋ፤ መስመሮቹ ሁሉ በቀለም ይወጣሉ

ጀማሪዋ አርክቴክት፦
ጤና ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት የማስረክባቸው 12 ሉሆች አሉኝ። ከሌላ ቢሮ የተላከልኝን የአውቶካድ ፋይል ከፍቼ፣ ሌይአውቶቹን (የሚታተሙትን ገጾች) አስተካክዬ ወደ ፒዲኤፍ ፕሎት ሳደርግ (ሳትም)፣ መስመሮቹ ሁሉ ስክሪኑ ላይ እንዳሉት በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ይወጣሉ። ውፍረታቸውም አንድ ዓይነት ስለሆነ በፕላኑ ላይ የተቆረጠው ግድግዳ ከበሩ ቅስት አይለይም። ሁልጊዜ የምጠቀምበት የሲቲቢ ፋይል (ስክሪኑ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቀለም በወረቀት ላይ በምን ቀለምና ውፍረት እንደሚወጣ የሚወስነው ሠንጠረዥ) ደግሞ በፕሎት መስኮቱ ካለው የፕሎት ስታይል ዝርዝር ውስጥ የለም። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ከመጠባበቂያው ቅጂ ሦስት ጊዜ መልሼ ገልብጬዋለሁ፤ ፕሮግራሙንም ዘግቼ ከፍቼዋለሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። የተበላሸ ሲቲቢ እንዴት እንደሚጠገን የምታውቁ እባካችሁ ፈጥናችሁ ንገሩኝ።

ሰርቬየሩ፦
ፋይሉን የገለበጡት ወደ ሌላ አቃፊ ይሆናል። በትእዛዝ መስመሩ ላይ ስታይልስማናጀር (STYLESMANAGER) ብለው ሲጽፉ ፕሮግራሙ የሚያነበው ትክክለኛው አቃፊ ይከፈትልዎታል። ሲቲቢውን እዚያ ያስቀምጡትና የፕሎት መስኮቱን እንደገና ይክፈቱ።

አሮጌው ድራፍትስማን፦
ከፋይሉ በፊት የመስመሩ ነገር ይቅደም። ቀለምን ከውፍረት ጋር ማያያዝ የመጣው ፕሎተር በእውነተኛ ብዕር ይሥል ከነበረበት ጊዜ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀለም የትኛው ብዕር እንደሚነሣ የሚናገር ምልክት ነበር። የሲቲቢ ሠንጠረዥ ዛሬም ያንኑ ሐሳብ ይዞ 255 ቀለሞችን ይዘረዝራል፤ ለእያንዳንዱም በወረቀት ላይ የሚኖረውን ቀለም፣ ውፍረትና ድምቀት ይወስናል። ውፍረቶቹም በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። 0.18፣ 0.25፣ 0.35፣ 0.5 እና 0.7 ሚሊሜትር የሚባሉት መለኪያዎች እያንዳንዳቸው ከፊተኛው በ1.4 እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። የወረቀቱም መጠን ከኤ2 ወደ ኤ1 ሲያድግ ጎኑ በዚያው እጥፍ ስለሚረዝም፣ በኤ1 የተሠራ ሉህ ወደ ኤ2 ሲቀነስ የ0.7 መስመር የ0.5 ቦታን፣ የ0.5 መስመር ደግሞ የ0.35 ቦታን ይይዛል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አይጠፋም። እኔ የተቆረጠውን ግድግዳ በ0.5፣ ከቆረጣው ባሻገር የሚታየውን በ0.25፣ ሀችን (ቦታ የሚሞሉ ጭረቶችን) እና የመጠን መስመሮችን በ0.18 እሠራለሁ። ይህን አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው ፋይሉን ቢያገኘውም ሉሁ አያምርለትም።

የመዋቅር መሐንዲሷ፦
አባታችን የተናገሩት ልክ ነው፤ ለነገ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው። እህቴ፣ ፋይልዎ ተበላሽቷል ብዬ አላምንም። የተበላሸ ፋይል ቢሆን ኖሮ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ይቆይና ሲመርጡት ስሕተት ያሳይዎት ነበር። ሁለት ነገር ይዩልኝ። አንደኛ፣ በፕሎት መስኮቱ ዝርዝር ውስጥ የሚታዩት ስሞች መጨረሻቸው ምን ይላል? ሁለተኛ፣ የሌየር (የሥዕሉ ንብርብር) ማስተዳደሪያውን ከፍተው ፕሎት ስታይል የሚለው ዓምድ ላይ ምን እንደተጻፈ ይንገሩን።

ጀማሪዋ አርክቴክት፦
የሚታዩት ሁሉ መጨረሻቸው ኤስቲቢ ነው፤ ሞኖክሮም የሚለውም ኤስቲቢ ሆኖ ነው ያለው። በሌየሮቹ ዓምድ ላይ በሁሉም ኖርማል የሚል ተጽፏል። በራሴ ፋይሎች ላይ ግን እዚያ ቦታ ከለር_7፣ ከለር_1 እየተባለ ደብዝዞ ይታይ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ።

ሰርቬየሩ፦
ስታይልስማናጀርን ሞክረውታል? ፋይሉን ትክክለኛው አቃፊ ውስጥ ካስገቡት መታየቱ አይቀርም።

የመዋቅር መሐንዲሷ፦
ወንድሜ፣ በዚህ ሥዕል ላይ አቃፊው ውስጥ ቢገባም አይታይም። አንድ የአውቶካድ ሥዕል ከሁለት አሠራሮች በአንዱ ብቻ ይኖራል፦ ወይ ፕሎት ስታይሉ በቀለም ይመራል፣ ወይ ለሌየር ወይም ለአንድ ዕቃ (በሥዕሉ ላይ ላለ መስመር፣ ቅስትና የመሳሰለው) በሚሰጥ ስም። በስም የሚመራ ሥዕል የኤስቲቢ ፋይሎችን ብቻ ስለሚዘረዝር ሲቲቢ የቱንም ያህል ደህና ቢሆን አያሳይም። እህቴ ያየችው ኖርማል የሚለው ቃል የስም አሠራር ምልክት ነው፤ ከለር_7 የሚለው ደግሞ የቀለም አሠራር ምልክት ነው፤ የሚደበዝዘውም በቀለም አሠራር ስታይሉን ቀለሙ ስለሚወስነውና በእጅ ስለማይቀየር ነው። የላከልሽ ቢሮ ሥዕሉን የጀመረው በስም አሠራር ከተዘጋጀ ቴምፕሌት (መነሻ ፋይል) ሳይሆን አይቀርም።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ፒስታይልሞድ (PSTYLEMODE) ብለሽ ጻፊ፤ 0 ካለ በስም፣ 1 ካለ በቀለም ነው። ይህ ቁጥር የሚነበብ እንጂ የሚቀየር አይደለም። መቀየሪያው ኮንቨርትፒስታይልስ (CONVERTPSTYLES) የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ አንድ ቃል አድርገሽ ጻፊው። መጀመሪያ ግን የሥዕሉን ቅጂ በሌላ ስም አስቀምጪ፤ ምክንያቱም ከስም ወደ ቀለም ሲዞር ለሌየሮችና ለዕቃዎች ተሰጥተው የነበሩ የስታይል ስሞች ይፋቃሉ። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ እሺ በይ፤ ከዚያ ሲቲቢሽ በዝርዝሩ ውስጥ ብቅ ይላል።

ካድ አስተባባሪ፦
በዚህ መፍትሔ ላይ ቅሬታ አለኝ። የሌላ ቢሮን ሥዕል አሠራሩን ቀይሮ መመለስ ለሚቀጥለው ሰው ችግር ማውረስ ነው። ሥዕሉ በውስጡ የሚይዘው የሠንጠረዡን ስም እንጂ ሠንጠረዡን አይደለም፤ ስለዚህ የጎደለው የእነርሱ የኤስቲቢ ፋይል ሊሆን ይችላል። በኢትራንስሚት (ሥዕሉን ከተያያዥ ፋይሎቹ ጋር በሚያሰባስበው ትእዛዝ) ጠቅልለው ቢልኩልዎት ፕሎት ስታይሉንም አብሮ ማካተት ይችላል። በሌየሮቹ ሁሉ ላይ ኖርማል ካለ ግን የላኩት ሰዎችም ስታይል አልሰጡም ማለት ነው። ኖርማል ደግሞ የዕቃውን የራሱን ቀለምና ውፍረት ይወስዳል፤ የሌየሩ ውፍረት ዲፎልት ተብሎ ከቀረ ሁሉም በ0.25 ሚሊሜትር ይወጣል። ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት የሆነብዎት ለዚህ ነው። ለማንኛውም ፕሎት ዊዝ ፕሎት ስታይልስ የሚለው ሳጥን ምልክት እንዳለበት ይመልከቱ፤ ያ ካልተመረጠ የትኛውም ሠንጠረዥ አይሠራም።

ጀማሪዋ አርክቴክት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሲቲቢው ታየ! ሳጥኑም ተመርጧል። ቅጂው ላይ ስለሠራሁ ዋናው ፋይል እንዳለ ነው። የመጀመሪያው ሉህ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ግድግዳውም ደምቆ ወጣ። ነገር ግን የቀሩት 11 ሉሆች አሁንም በቀለም ናቸው። በመጀመሪያውም ሉህ ላይ ከኤክስሬፍ (ከሥዕሉ ጋር ከተያያዘ ሌላ የሥዕል ፋይል) የመጡት ዛፎች አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ፤ ከጥቁሩ መስመር መካከል ጎልተው ይታያሉ።

የመዋቅር መሐንዲሷ፦
ሠንጠረዡ የሚመረጠው ለየሌይአውቱ ነው፤ አንዱ ላይ የመረጥሽው ወደሌላው አይሄድም። የተስተካከለውን ሌይአውት ይዘሽ የፔጅ ሴትአፕ ማስተዳደሪያውን ክፈቺ፣ ያንኑ አቀማመጥ ስም ሰጥተሽ አስቀምጪ፣ ከዚያ የቀሩትን 11 ሌይአውቶች ትሮቻቸውን ኮንትሮል ይዘሽ አንድ ላይ ምረጪና ያንን ስም ስጫቸው። ወረቀታቸው ከመጀመሪያው የሚለይ ሉሆች ካሉ ለእነርሱ ሌላ አቀማመጥ ያስፈልጋል። በፐብሊሽ (ብዙ ሉሆችን በአንድ ጊዜ በሚያትመው ትእዛዝ) ስትልኪያቸውም እያንዳንዱ ሉህ የራሱን አቀማመጥ ይከተላል።

ካድ አስተባባሪ፦
ዛፎቹ ትሩከለር ናቸው። አንዱን ይምረጡና በፕሮፐርቲስ ላይ ቀለሙን ይዩ፤ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮች ካሉ ያ ቀለም ከ255ቱ ውጭ ነው። ሲቲቢ የሚያውቀው 255ቱን ብቻ ስለሆነ የቀረውን ሳይነካ በራሱ ቀለም ያሳልፈዋል። ከላይ ቅር ያለኝ በዚህም ምክንያት ነው፤ በስም አሠራር ለሌየሩ ጥቁር የሚል ስታይል ቢሰጡት ትሩከለሩም ይጠቁር ነበር።

ቀለሙ ከሌየሩ የመጣ ከሆነ በዚህ ሥዕል ውስጥ የኤክስሬፉን ሌየር ቀለም ወደ አንዱ ቁጥር፣ ለምሳሌ ወደ 3 ይቀይሩ፤ ቪዝሪቴይን (VISRETAIN) የሚባለው መቼት 1 ከሆነ ለውጡ ፋይሉ ሲዘጋና ሲከፈት ይጸናል። ቀለሙ በዛፉ በራሱ ላይ ከተሰጠ ግን የሌየሩን ቀለም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ የኤክስሬፉን ፋይል ቅጂ ከፍተው ሴትባይሌየር (SETBYLAYER) በሚለው ትእዛዝ ዕቃዎቹን ወደ ሌየሩ ቀለም ይመልሱ። ብሎክ (እንደ አንድ ዕቃ የተጠቀለለ ሥዕል) ውስጥ ላሉትም ይሠራል፤ ብሎኮች ይካተቱ ወይ ብሎ ሲጠይቅዎት አዎ ይበሉ።

አሮጌው ድራፍትስማን፦
ዛፎቹን 0.18 ላይ ያድርጓቸው፤ በ0.25 ከሆኑ የሕንፃውን ጠርዝ ይጫኑታል።

ሰርቬየሩ፦
ስለ አቃፊው የተናገርኩት ለዚህ ሥዕል እንዳልነበረ አሁን ገብቶኛል። እኔም ትናንት የተላከልኝ የቦታ ቅየሳ ሥዕል ላይ ሲቲቢ አጥቼ ቀኑን ሙሉ ፋይል ስገለብጥ ነበር፤ ፒስታይልሞድን ሳየው 0 ይላል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ የቆየ ሲቲቢዬን ሳልጥል ወደ ኤስቲቢ መቀየር ይቻላል?

የመዋቅር መሐንዲሷ፦
ይቻላል። ኮንቨርትሲቲቢ (CONVERTCTB) የሚለው ትእዛዝ ከሲቲቢው አዲስ የኤስቲቢ ፋይል ይሠራል፤ አሮጌው በቦታው ይቆያል። ስታይሎቹ ስታይል 1፣ ስታይል 2 እየተባሉ ስለሚወጡ ለሌየሮች ከመስጠትዎ በፊት ግድግዳ፣ መጠን፣ ሀች ብለው ስማቸውን ይቀይሩ። አንዴ ሥዕል ላይ ከዋሉ በኋላ ስማቸው ቢቀየር ሥዕሉ የሚፈልገው የቀድሞውን ስም ስለሆነ ግንኙነቱ ይቋረጣል።