«እግዚአብሔር ይማርህ»፦ በሽተኛ ምን አጥፍቶ ነው የሚማረው?

አሞራ ገደል፦
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን እዚሁ ሐዋሳ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ እንደ ልማዴ «እግዚአብሔር ይማርህ» አልኩት። አጠገቡ የነበሩት አማቱ የወንጌል አማኝ ናቸውና «ልጄ፣ ምን አጥፍቶ ነው የሚማረው? ጌታ ይፈውስህ በለው እንጂ» አሉኝ። ለክብራቸው ዝም አልኩ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። «ማረ» ይቅር አለ ማለት ብቻ ነው እንዴ?

ታቦር፦
እሳቸው የሰሙት የፍርድ ቤቱን «ማረ» ነው፤ የ2010 ዓ.ም. የምሕረት አዋጅ ዓይነቱን። አማርኛው ግን ከዚያ ይሰፋል። «ዘንድሮ ብርዱ አይምርም»፣ «ይህ በሽታ ትልቅ ትንሽ አይምርም» ስንል ማን ምን በደለ? መማር መራራትም፣ ማትረፍም ነው። ሥሩ የግእዙ «መሐረ» ነው፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚባለው።

ወንጌሉን ደግሞ ተመልከት። ኢያሪኮ መንገድ ዳር ሲለምን የነበረው ዕውሩ በርጤሜዎስ «የዳዊት ልጅ ኢየሱስ ሆይ፥ ማረኝ» እያለ ጮኸ። ዝም በል ቢሉት ጭራሽ ባሰበት። ተጠርቶ ምን እንዲደረግለት እንደሚወድ ሲጠየቅ ስለ በደል አንድም ነገር አልተነፈሰም፤ የለመነው ዐይኑ እንዲያይ ነው። በሩቅ የቆሙት አሥሩ ለምጻሞችም ጩኸታቸው «ማረን» ነበር።

እኔን ከሁሉ የምትደንቀኝ ግን ከነዓናዊቷ እናት ናት (ማቴ. 15)። ጋኔን የያዛት ልጇን ነው፤ እሷ ግን «ማረኝ» አለች እንጂ «ማራት» አላለችም። ሁለት ምዕራፍ አለፍ ስትል አንድ አባት «ልጄን ማርልኝ» ሲል ታገኘዋለህ። ይህቺን «ል» እኛም እናውቃታለን! አስታማሚውን «እግዚአብሔር ይማርልህ» የምንለው በእሷ ነው። የሚያቃስተው በሽተኛው ቢሆንም ምሕረቱ አልጋው ሥር ፌስታል ይዞ ላደረውም ይደርሰዋል። ማርቆስ ይህንኑ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲል ያሰማናል። እምነት ሲባል እኔ ቀድሞ የሚታየኝ ይህ ሰውዬ ነው፣ ግማሹ ጥርጣሬ ሆኖም መጥቷል።

የአዳማ ልጅ፦
ታቦር ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቸኮልክ። ማርቆስ 2 ላይ ሽባውን ጣራ ነድለው ሲያወርዱት መጀመሪያ የሰማው ቃል ኃጢአትህ ተሰረየችልህ የሚል ነው፤ ተነሣ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። መጻጉዕም 38 ዓመት ማቆ ከዳነ በኋላ ወደ ፊት ኃጢአት እንዳይሠራ ተነግሮታል። ይቅርታና ፈውስ አብረው የሚመጡበት አለ፤ ፍቺውን ያለ ይቅርታ ባዶ አናድርገው።

ታቦር፦
አለ፣ መች ካድኩ! ግን ዮሐንስ 9ንም ጨምርበት። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ጥፋቱ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ የሁለቱም አይደለም ተባሉ። በሽተኛ ራስጌ ቆሞ ጥፋት መቆፈር እዚያው ተዘግቷል። ለነገሩ ሰው ሲያስነጥስስ «ይማርህ» አይደል የምንለው? እሱም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። ማስነጠስ ምን ወንጀል አለው!

አማትየውን አትከራከራቸው፤ «ጌታ ይፈውስህ»ም የሚያምር ምርቃት ነው። እሳቸውን ግን «ይማርልዎ» በላቸው፣ አሜን ሳይሉ የሚቀሩ አይመስለኝም።

አሞራ ገደል፦
እሺ፣ ይሁን። እዚያው ክፍል ቀጣዩ አልጋ ላይ ያለውን ጠያቂዎቹ «አላህ ያሽርህ» ሲሉት ነበር፤ ይኸኛው «ቁስሉ ሻረ» ከምንለው ነው አይደል?

የአዳማ ልጅ፦
እሱው ነው፤ ሻረ፣ አሻረ። እዚያ ይቅርታ የሚባል ነገር ስለሌለ ማንንም አያከራክርም።

አሞራ ገደል፦
አንድ ልጨምር፤ «ምሕረት» በየትኛው «ሐ» ነው? ሰው እንደመጣለት ነው የሚጽፈው።

የአዳማ ልጅ፦
በሐመሩ ሐ። በሃሌታው ሀ የሚጻፈው የማስተማሩ ነው፤ መምህር፣ ትምህርት። በግእዝ መሐረና መሀረ ለየብቻ ነበሩ፤ አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ሲጥለው ግን ትምህርት ቤት የገባውም፣ ከቅጣት የተረፈውም «ተማረ» ሆነ።